ክፍት ምንጭ የሆነ የኢንተርኔት ሱቅ ሶፍትዌር ለነጋዴ ያለው ጥቅምና ያለበት ጉድለት

ነጋዴ ሱቁን የሚከፍተው ገዢ በሚመላለስበት መንገድ ዳር ነው። ቀድሞ ይህ መንገድ የመርካቶ ወይም የፒያሳ መንገድ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ገዢው በእጁ በያዘው ስልክ ዕቃ እየመረጠ ስለሚያዝ ኢንተርኔትም እንደ ዋና ጎዳና ተቈጥሯል። አስመጪውም፥ ላኪውም፥ ባለሱቁም በዚህ ጎዳና ላይ መደብር ለማቆም ባሰበ ጊዜ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ መደብሩ በምን ዓይነት ሶፍትዌር ይሠራ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜም «በነጻ የሚገኝ አለ» የሚል ምክር ይሰጠዋል። ይህ ምክር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ የሚናገር ነው። ነጻ የሆነው ምኑ እንደ ሆነ፥ የማይቀረውም ወጪ በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ ያልመረመረ ነጋዴ ከገንዘቡ አልፎ የደንበኞቹን እምነት እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ምንነት፥ ጥቅሙና ጉድለቱ በተራ ተዘርዝሯል።

ክፍት ምንጭ ማለት ምን ማለት ነው?

ማናቸውም ሶፍትዌር የሚሠራው ባለሙያ በጻፈው የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ ይህም ጽሑፍ የምንጭ ኮድ ይባላል። ብዙዎቹ የሶፍትዌር ነጋዴዎች ይህን ጽሑፍ እንደ ምሥጢር ይጠብቁታል፤ ገዢው በሶፍትዌሩ ይጠቀማል እንጂ ውስጡን ለማየትም ሆነ ለመለወጥ አይፈቀድለትም። ክፍት ምንጭ የሚባለው ግን የምንጭ ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ፥ ማንም ሰው እንዲያነበው፥ እንዲገለብጠው፥ እንደ ፍላጎቱ እንዲለውጠውና ለሌላ እንዲያስተላልፈው በጽሑፍ ፈቃድ የተሰጠበት ሶፍትዌር ነው። የዚህ አስተሳሰብ መሠረት የተጣለው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. የግኑን ፕሮጀክት ባስታወቀ ጊዜ ሲሆን፥ «ክፍት ምንጭ» የሚለው ስም የወጣለት ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች መታረም ይገባቸዋል። አንደኛው፥ ክፍት ምንጭ ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም። ጸሐፊዎቹ የደራሲነት መብታቸውን እንደ ያዙ ናቸው፤ የሰጡት ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ግዴታዎች አሉበት። ሁለተኛው፥ ሁሉም ፈቃድ አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ ዉኮሜርስና ኦፕንካርት የተባሉት ሶፍትዌሮች የሚሰጡት ጂ.ፒ.ኤል. በሚባለው ፈቃድ ነው፤ በዚህ ፈቃድ ነጋዴው ሶፍትዌሩን ለራሱ ሱቅ ብቻ ቢለውጠው ለውጡን ለማንም እንዲያሳይ አይገደድም፤ የተለወጠውን ለሌላ ሰው ያስተላለፈ እንደ ሆነ ግን የምንጭ ኮዱንም አብሮ መስጠት አለበት። ፕሬስታሾፕና ማጀንቶ የሚሰጡበት ኦ.ኤስ.ኤል. የተባለው ፈቃድ ግን ሶፍትዌሩን በመረብ ላይ አቁሞ ሌሎች እንዲጠቀሙበት ማድረግን ራሱን እንደ ማስተላለፍ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሶፍትዌሩን የሚያስለውጥ ድርጅት ማናቸውንም ውል አንብቦ እንደሚፈርም ሁሉ ፈቃዱን አስቀድሞ በሕግ ዐዋቂ ማስነበብ ይገባዋል።

የታወቁት ሶፍትዌሮች ከየት መጡ?

ከቀደሙት አንዱ በ2000 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የተጀመረው ኦስኮሜርስ ነው። በአሠራሩ ያልተስማሙ ባለሙያዎች በ2003 እ.ኤ.አ. የእርሱን ኮድ ወስደው ዜን ካርት የተባለውን አወጡ። በ2007 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ፕሬስታሾፕ፥ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ማጀንቶ ተከተሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ጂጎሾፕ ከተባለው ሌላ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ተገንጥሎ ዉኮሜርስ ወጣ፤ ይህም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የዎርድፕረስ ሥርዓት ላይ የሚቀጠል ስለ ሆነ በአነስተኛ ሱቆች ዘንድ እጅግ ተስፋፋ። ከዚህ ታሪክ መረዳት የሚቻለው፥ በክፍት ምንጭ ዓለም አንዱ የሌላውን ሥራ ወስዶ አዲስ ነገር ማውጣቱ ስርቆት ሳይሆን በፈቃዱ የተጻፈ መብት መሆኑን ነው።

ጥቅሞቹ

አንደኛ፤ ለሶፍትዌሩ ለራሱ የሚከፈል ዋጋም ሆነ የወር ኪራይ የለም። ሽያጩ ቢበዛም ቢያንስም ከሽያጩ መቶኛ የሚወስድ ባለሶፍትዌር አይኖርም። በተለይም የውጭ ምንዛሪ አስቦና ቈጥቦ ለሚጠቀም ነጋዴ በየወሩ በዶላር የሚከፈል ኪራይ አለመኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፤ ነጋዴው በአንድ ሻጭ እጅ አይወድቅም። ሶፍትዌሩን ያቆመለት ባለሙያ ሥራውን ቢያበላሽ ወይም ዋጋ ቢያስወድድ፥ ያንኑ ሶፍትዌር የሚያውቅ ሌላ ባለሙያ መቅጠር ይቻላል። ሰርቨሩን ያከራየው ድርጅት አገልግሎቱ ቢደክምም ሱቁን ከነዕቃ ዝርዝሩና ከነደንበኛ መዝገቡ ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር ይቻላል። ይህም የተከራየውን ቤት ለቅቆ ሲወጣ መደርደሪያውንም መዝገቡንም ይዞ እንደሚሄድ ነጋዴ መሆን ነው።

ሦስተኛ፤ ሶፍትዌሩ እንደ አገሩ ሁኔታ ሊስተካከል ይችላል። በውጭ አገር የተሠራ ሱቅ ለገዢው አድራሻ የጎዳና ስምና የፖስታ መለያ ቁጥር ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ገዢ ግን አድራሻውን የሚናገረው በክፍለ ከተማ፥ በወረዳ፥ በቤት ቁጥርና ከሁሉ ይልቅ በታወቀ ምልክት ነው። ክፍት ምንጭ በሆነው ሶፍትዌር እነዚህን መጠይቆች ማንሳትና በምትካቸው ሌሎችን ማግባት ለአንድ የአገር ውስጥ ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። ተዘግቶ በሚሸጠው ግን ባለቤቱ ያልፈቀደውን ለመለወጥ መንገድ የለም።

አራተኛ፤ ሥራው የብዙ ሰዎች ነው። በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ባለሙያዎች ስሕተት ሲያገኙ ያስታውቃሉ፥ ያርማሉ፥ ወደየቋንቋቸውም ይተረጕማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው አንድ አነስተኛ ሱቅ ብቻውን ሊያሠራው የማይችለውን መሣሪያ በማኅበር ጥረት ያገኘዋል።

ጉድለቶቹ

አንደኛ፤ ተጠያቂ የለም። በፈቃዶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ሶፍትዌሩ እንዳለ እንደሚሰጥና ዋስትና እንደሌለው ተጽፏል። በበዓል ዋዜማ ሱቁ ቢቆምና የአንድ ቀን ሽያጭ ቢጠፋ ነጋዴው ኪሣራ የሚጠይቀው ወገን አያገኝም። ኀላፊነት የሚወስድለት ሰው ከፈለገ በገንዘቡ ውል ተዋውሎ ራሱ ማቆም አለበት።

ሁለተኛ፤ ነጻ የሆነው የፈቃዱ ዋጋ ብቻ ነው። የሰርቨር ኪራይ፥ የዶሜይን ስም ዓመታዊ ክፍያ፥ ሱቁን የሚያቆመው ባለሙያ ዋጋ፥ ለክፍያና ለማጓጓዣ የሚቀጠሉት ተጨማሪ ክፍሎች ዋጋ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየጊዜው የሚደረገው የጥገና ዋጋ በነጋዴው ላይ ይወድቃል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ተከፍለው የሚያልቁ ሳይሆኑ በየዓመቱ የሚመለሱ ናቸው። ስለዚህ ሂሳቡ መታሰብ ያለበት በመጀመሪያው ወር ወጪ ሳይሆን በሦስት ዓመት ወጪ ነው።

ሦስተኛ፤ ተጨማሪ ክፍሎች የልዩ ልዩ እጆች ሥራ ናቸው። ዋናው ሶፍትዌር በጥሩ ባለሙያዎች የተጠበቀ ቢሆንም፥ ለክፍያው፥ ለፎቶግራፉ፥ ለቅናሹ የሚቀጠሉት ፕላጊን የተባሉት ክፍሎች በሌሎች ሰዎች የተጻፉ ናቸው። አንዱ ክፍል ሲታደስ ከሌላው ጋር ይጋጫል፤ አንዳንዱም ጸሐፊው ሥራውን ትቶ ሲሄድ ሳይታደስ ይቀራል። ያልታደሰ ክፍል ደግሞ መቀርቀሪያው እንደ ወለቀ የጓሮ በር ነው።

አራተኛ፤ ሱቁ ባደገ ቍጥር ሶፍትዌሩ ሊከብደው ይችላል። ለዚህ ዉኮሜርስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዎርድፕረስ መጀመሪያ የተሠራው ለጽሑፍ ገጾች ስለ ነበረ፥ ዉኮሜርስ ለብዙ ዓመታት የደንበኞችን ትእዛዝ ሲመዘግብ የኖረው ጽሑፎቹ በሚቀመጡበት በዚያው መዝገብ ውስጥ ነው። ይህም በአንድ ቢሮ ደብዳቤውንና ደረሰኙን በአንድ ፋይል እንደ ማቀፍ ነው፤ ወረቀቱ ጥቂት ሳለ አያስቸግርም፤ በብዙ ሺህ ሲቈጠር ግን አንዱን ለመፈለግ ሁሉን ማገላበጥ ይሆናል። ለትእዛዞች የተለየ መዝገብ ለአዲስ ሱቆች መደበኛ የሆነው በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተከፈቱ ሱቆች ወደ አዲሱ መዝገብ መዛወር አለመዛወራቸውን ባለቤቶቻቸው ባለሙያቸውን ሊጠይቁ ይገባል።

አምስተኛው፥ ከሁሉም የሚከፋው፥ የመዘግየት አደጋ ነው። የምንጭ ኮዱ ለወዳጅ እንደ ተገለጠ ለሌባም የተገለጠ ነው። ይህ ብቻውን ጉዳት አይደለም፤ ብዙ ዓይኖች ስለሚያዩት ስሕተቱም ቶሎ ይገኛል። ጉዳቱ ያለው ስሕተቱ ከታረመ በኋላ ነው። እርማቱ በወጣ ጊዜ ሌባው እርማቱን አንብቦ ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ያውቃል፤ ስለዚህም እርማቱን ገና ያልተቀበሉትን ሱቆች እየዞረ ይፈልጋል። በሐምሌ ወር 2021 እ.ኤ.አ. በዉኮሜርስ ላይ ከባድ ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ ባለቤቶቹ እርማቱን ለቀድሞ እትሞችም ጭምር አውጥተው በቀጥታ ወደ ሱቆቹ እንዲደርስ አድርገዋል። በሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፕሬስታሾፕ ባለቤቶች ሌቦች በሱቆች ውስጥ ሐሰተኛ የክፍያ ቅጽ እያስገቡ የካርድ ቁጥር እንደሚሰርቁ ለነጋዴዎች ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። በሁለቱም ጊዜ የዳነው ሳይውል ሳያድር ያደሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የማጀንቶ አንደኛ እትም ታሪክ

ጥቅሙም ጉድለቱም በአንድነት ከሚታይባቸው ታሪኮች ዋናው የማጀንቶ ነው። ማጀንቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሱቆች ተሠሩበት። በ2011 እ.ኤ.አ. ኢቤይ ገዛው፤ ከዚያም ሌሎች ባለገንዘቦች ያዙት፤ በ2018 እ.ኤ.አ. አዶቢ የተባለው ኩባንያ በ1.68 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በዚህ መካከል፥ በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፥ ሁለተኛው እትም ወጣ። ሁለተኛው እትም ግን ከአንደኛው እጅግ የተለየ ስለ ነበረ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አዲስ ሱቅ እንደ መሥራት ያህል ነበር። ገጽታውም ተጨማሪ ክፍሎቹም እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ብዙ ነጋዴዎች ወጪውን ፈርተው በአሮጌው ላይ ቈዩ።

ባለቤቶቹ ለአንደኛው እትም የሚሰጡትን እርማት በሰኔ 30 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. አቆሙ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፥ በመስከረም 12ና 13 ቀን 2020 እ.ኤ.አ.፥ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ የማጀንቶ ሱቆች በአንድ የሳምንት መጨረሻ ተሰብረው የደንበኞች የካርድ ቁጥር የሚቀዳ ጽሑፍ እንደ ተተከለባቸው ሳንሴክ የተባለው የሆላንድ የጥበቃ ድርጅት አስታወቀ። ከእነርሱም አብዛኞቹ በአንደኛው እትም የሚሠሩ ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ የመስበሪያው ዘዴ በሌቦች ገበያ በ5,000 ዶላር ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። አምስት ሺህ ዶላር ለብዙ ሱቆች ከአንድ የሥራ ሳምንት ሽያጭ የማይበልጥ ገንዘብ ነው፤ በእርሱ የተገዛው ዘዴ ግን ለብዙ መደብሮች በር መክፈቻ ሆነ።

የታሪኩ ሌላ ገጽ ግን የሚያጽናና ነው። ባለቤቱ የተወውን አሮጌ እትም የምንጭ ኮዱ ክፍት ስለ ሆነ ሌሎች ሊያነሡት ቻሉ። ኦፕንሜጅ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር ያንኑ አንደኛ እትም ተቀብሎ የጥበቃ እርማት እያወጣለት ቀጥሏል። ተዘግቶ የሚሸጥ ሶፍትዌር ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ሥራውን ባቆመ ቀን የነጋዴው አማራጭ ሁሉ ባበቃ ነበር። ነገር ግን ይህ መድኃኒት የረዳው ስለ እርሱ የሰማውንና ሱቁን ወደ ማኅበሩ እትም ያዛወረውን ነጋዴ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ በየትኛው እትም እንደሚሠራ እንኳ የማያውቅ ባለሱቅ ከዚህ ምንም አልተጠቀመም።

በኪራይ ከሚገኘው ሱቅ ጋር ሲነጻጸር

ከክፍት ምንጭ ሌላ ያለው ዋና መንገድ ሱቁን ተዘጋጅቶ መከራየት ነው። ከእነዚህ የታወቀው በካናዳ አገር በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ሾፒፋይ ነው። በዚህ መንገድ ሰርቨሩን መጠበቅ፥ እርማቱን ማስገባት፥ ቀዳዳውን መድፈን የአከራዩ ሥራ ነው፤ ነጋዴው ዕቃውን ደርድሮ ዋጋውን ይጽፋል። ለብዙ ሰው ይህ ዕረፍት ነው። በአንጻሩ ግን ኪራዩ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ አከራዩ ዋጋ ቢጨምር ወይም ውሉን ቢያቋርጥ ነጋዴው የዕቃና የደንበኛ ዝርዝሩን ይዞ ቢወጣም ሱቁን ራሱን ይዞ መውጣት አይችልም። የውጭ አገር የክፍያ ድርጅቶችም ሁሉም በኢትዮጵያ የተመዘገበን ነጋዴ አይቀበሉም። ስለዚህ ልዩነቱ ሲጠቃለል፥ ኪራይ ገንዘብ ይፈልጋል፥ ክፍት ምንጭ ግን ትጋትና ባለሙያ ይፈልጋል ማለት ነው። ከሁለቱም ነጻ የሆነ መንገድ የለም።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ በተለይ የሚያስፈልጉ ማሳሰቢያዎች

ሕጉን በሚመለከት፥ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚደረገውን የንግድ ግንኙነት በሕግ ፊት የሚጸና አድርጎታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። የደንበኛ ስም፥ የስልክ ቁጥርና አድራሻ በሱቁ መዝገብ ውስጥ ያለ አደራ ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ የተገኘ መሆኑ አደራ ለጠፋበት ነጋዴ ማመካኛ ሊሆን አይችልም።

ክፍያን በሚመለከት፥ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ለብዙ ገዢ የተለመደ ሆኗል። ክፍት ምንጭ የሆነ ሱቅ ከእንዲህ ያለው የክፍያ መንገድ ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ነጋዴው ግን መገናኛው ክፍል በክፍያ ድርጅቱ በራሱ የተዘጋጀ ወይም በማይታወቅ ሰው የተጻፈ መሆኑን መጠየቅ አለበት። የካርድ ቁጥር በሱቁ መዝገብ ውስጥ ከቶ መቀመጥ የለበትም፤ ገዢው ወደ ክፍያ ድርጅቱ ገጽ ሄዶ ከፍሎ እንዲመለስ ማድረግ ይሻላል። ያልያዙትን ገንዘብ ሌባ አይሰርቀውምና።

ሂሳብን በሚመለከት፥ ሶፍትዌሮቹ ሽያጩን የሚደምሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ቀን ስለ ሆነ፥ በፈረንጆች ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ማለት ነው። በወር በወር የሚወጣውን የሶፍትዌሩን መግለጫ እንዳለ ወስዶ ወደ ሂሳብ መዝገብ ማግባት በየወሩ መጀመሪያና መጨረሻ የሚገኙትን ቀኖች ሽያጭ ወደማይገባው ወር ይጥለዋል። እንዲሁም ሱቁ ለገዢው የሚልከው የትእዛዝ ማረጋገጫ ሕጋዊውን ደረሰኝ አይተካም፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስም በማሳያው ዋጋ ውስጥ ያለ ወይም የሌለ መሆኑ ከመጀመሪያው በትክክል መመልከት አለበት።

ነጋዴው ውል ከመፈረሙ በፊት የሚመረምራቸው ነገሮች

1. የዶሜይኑ ስም የተመዘገበው በድርጅቱ ስም ነው ወይስ በባለሙያው ስም? ሱቁን ያቆመው ወጣት ወደ ሌላ ሥራ በሄደ ጊዜ ስሙም ከእርሱ ጋር የሄደበት ነጋዴ ጥቂት አይደለም። የድርጅቱ ስም ከድርጅቱ እጅ መውጣት የለበትም።

2. የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ፥ የሰርቨሩም የሱቁም፥ በድርጅቱ ካዝና ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉን?

3. የሶፍትዌሩና የእያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍል ስም፥ የእትሙ ቁጥርና የታደሰበት ቀን የሚጻፍበት መዝገብ አለን? እርማት ሲወጣስ በስንት ቀን ውስጥ እንዲገባ በውሉ ተጽፏል?

4. የሱቁ መጠባበቂያ ቅጂ በየስንት ጊዜው ይወሰዳል? የሚቀመጠውስ ከሰርቨሩ ውጭ ነውን? ቅጂው አንድ ጊዜ እንኳ ተመልሶ ተሞክሯልን? ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርም።

5. ይህን ሶፍትዌር የሚያውቅ ሌላ ባለሙያ በከተማው ውስጥ ይገኛልን? አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ክፍት መሆኑ ለስም ብቻ ነው።

6. በሦስት ዓመት ውስጥ የሚወጣው ወጪ ሁሉ ተደምሮ ከኪራዩ ጋር ተነጻጽሯልን?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ ያገኘ ነጋዴ ክፍት ምንጭ የሆነውን ሶፍትዌር ሳይፈራ ሊመርጥ ይችላል፤ በራሱ ስም የቆመ፥ እንደ ፍላጎቱ የሚለወጥ፥ ማንም የማይነጥቀው ሱቅ ይኖረዋል። መልስ ያላገኘው ግን ሱቁን ለጊዜው ተከራይቶ ቢሠራ ወይም አስቀድሞ ባለሙያ ቢያሠለጥን ይሻለዋል። በእጅ የሚገባው ሶፍትዌር ለሁለቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከእርሱ በኋላ በሚደረገው ጥበቃ ነው። የገበያ ሱቅ በየማታው እንደሚቈለፍ፥ የኢንተርኔት ሱቅም በየጊዜው መታደስ ይገባዋል፤ በዚህ ሱቅ ውስጥ ከዕቃው በፊት የሚጠበቀው የደንበኛው አደራ ነውና።